የአክስቴ እምቢታ

እኛ ዘንድ ሰው እምቢ ሲል አይጮህም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ጠያቂው ተስፋ ቆርጦ እስኪሄድ ዝም ይላል። የጣውላ ኩባንያው ሰዎች ይህን አያውቁም ብዬ ይቅር እንዳልላቸው፣ ይዘውት የመጡት አስተርጓሚ የእኛው ልጅ ነበር። ደኑን ለመቁረጥ ፈቃድ ጠይቀው ሽማግሌዎቻችን ዝም ሲሏቸው ቃለ ጉባኤው ላይ «ተቃውሞ የለም» ብለው ጻፉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በእኛ ዝምታ ግን መጋዝ ገባበት። ግማሹ ደናችን ተጨፈጨፈ።

ቀሪውን ለማዳን ንብ አናቢዋ አክስቴ፣ መንግሥታት ስለ ነባር ሕዝቦች መብት ሕግ ወደሚያረቁበት አዳራሽ ሄደች። እኔም አስተርጓሚዋ ሆኜ ተከተልኳት። ረቂቁ «ነዋሪዎቹ ካልተቃወሙ እንደተስማሙ ይቆጠራል» ይላል። ሳነብላት በንዴት ሳቀች።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ይሄንን ነው» አለች።

ለመናገር ሦስት ደቂቃ ሰጧት። የማይክራፎኑ ቀይ መብራት በራ። አክስቴ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። አንዱ ልዑክ የተበላሸ መስሎት ማዳመጫውን መታ መታ አደረገ።

«አክስትዬ፣ ተናገሪ እንጂ» አልኳት በሹክሹክታ። በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። መብራቱ ጠፋ።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እኚህ እናት የሚሉት ከሌለ ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

«ጸሐፊው ምን ብሎ ጻፈ?» አለች አክስቴ፣ ማይክራፎን ሳያስፈልጋት። ተረጎምኩላት።

ጸሐፊው ወረቀቱን አይቶ «ተቃውሞ የለም» አለ።

«ይኸው! ሦስት ደቂቃ ሙሉ እምቢ ስላችሁ ነበር። ደናችንንም የበሉት እንዲሁ ነው። እሺ ካላልን፣ እሺ አላልንም፤ በቃ።»

ከሌላ አገር የመጡ አሣ አጥማጆችና ከብት አርቢዎች ጠረጴዛቸውን ደበደቡ። የእነሱም ወንዝና ግጦሽ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። «ዝምታ ስምምነት አይደለም» የምትለዋን አንድ መስመር ለማስገባት ግን ዓመታት ተሟገትን። አንድ ዲፕሎማት በሻይ ሰዓት «ይሄ እኮ ጥቃቅን ጉዳይ ነው» አለኝ። ጥቃቅን ያለው የአክስቴ ቀፎዎች የተሰቀሉበትን ዛፍ ነው። ሻዬን እላዩ ላይ አለመድፋቴ ይገርመኛል።

በመጨረሻ መስመሯ ገባች፤ አገራችንም ፈረመች። ብዙ ሳይቆይ የኩባንያው ሰው ለቀረው ግማሽ መጣ። አክስቴ ደጃፏ ላይ ማር ታጣራለች። ጠየቃት፤ ዝም። ደግሞ ጠየቃት፤ ዝም። እስክሪብቶውን አወጣ፣ ወረቀቱ ላይ ያቺን መስመር ትኩር ብሎ አየ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተና ሄደ።

«ሰማ» አለች አክስቴ፣ ከማሯ ቀና ሳትል።

እኔ ጉቶዎቹን አየሁ። ለመስማት ግማሽ ደን ማስከፈላቸው ዛሬም ያንገበግበኛል።