አንዲት ጭረት

የልጅ ልጃቸው የቢሮ ሥራዋን ለቅቃ «ከእንግዲህ የራሴ አለቃ ራሴ ነኝ» ካለች ወዲህ ሴት አያቷ እፎይ ብለው አያውቁም። ደሞዝ የለ፣ የዓመት ፈቃድ የለ፤ ይኼ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ልጅቷ ግን ቅንጣት አይጨንቃትም። ጠዋት ተነስታ ቢሮ እንደሚሄድ ሰው ጫማዋን ታስራለች፤ ከዚያ ከመኝታ ቤቷ ወጥታ ሳሎን ጠረጴዛው ጥግ ትቀመጣለች። ስልኳን ባዶ ድስት ውስጥ ከታ ትከድነዋለች። ሲጠራ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል፤ አያትየውም «አንቺ ልጅ፣ ድስቱ ይፈልግሻል!» ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ ለሰው በክፍያ ትጽፋለች፦ የቀለም ፋብሪካ ማስታወቂያ፣ የአንድ ጡረተኛ ሐኪም ትዝታ፣ የራዲዮ ድራማ። ጠዋቱ ግን የራሷ መጽሐፍ ነው። «ጭንቅላቴ ገና ሳይከራይ» ትላለች።

መጽሐፉ ሲያልቅ አንድ አሳታሚ «ታሪኩ ውስጥ ባልየውን ግደይውና እናትመዋለን» አላት። «ባልየውማ አይሞትም» ብላ በራሷ ልታሳትም ወሰነች። ቢሞትስ ምን ነበረበት፣ አሉ አያትየው በሆዳቸው፤ የወረቀት ሰው ነው።

ከማተሚያ ቤት የመጣው የመጨረሻው ማረሚያ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠ ጊዜ ልጅቷ ለራዲዮ ቀረጻ ልትወጣ ትጣደፍ ነበር።

«እማዬ፣ ያንቺ ዓይን ፊደል አያሳልፍም። የተሳሳተ ካየሽ በቀይ አርሚልኝ።» ያሳደጓት እሳቸው ናቸውና እማዬ ነው የምትላቸው።

አያትየው መነጽራቸውን አደረጉ። ታሪኩ ስለ አንዲት ሚስት ነው። ባሏ በዕድሜ ይበልጣታል፤ ኮስታራ ነው፤ ዕድሜ ልኳን አንቱ ስትለው ኖራለች። እስከ መጨረሻው ምዕራፍ አንቱ፣ አንቱ። ከዚያ አንድ ቀን ከውጭ ስትገባ፣ ብርጭቆ እንኳ አንስቶ የማያውቀው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ቀሚሷን ሲያጥብ ታገኘዋለች። በሩ ላይ ቆማ «አንተ!» ትላለች።

አያትየው ክው አሉ። ውይ ልጄን! ባሏን፣ ያውም ሽማግሌ፣ አንተ? አሳዳጊ የበደላት ሊሏት አይደል? አሳዳጊዋ ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም። ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው ከ«ተ» ጎን አንዲት ጭረት ጨመሩ። «አንቱ!» ሆነ። ልባቸው መለስ አለ።

በማግስቱ ልጅቷ ማረሚያውን ገልጣ እንኳ ሳታይ ለማተሚያ ቤቱ አስረክባ፣ እየዘፈነች ተመለሰች።

«ከሰዓት ማሽን ላይ ይወጣል! እማዬ፣ ያቺን ቃልስ አየሻት?»

«የቷን?»

«ሚስትየዋ በሩ ላይ የምትላትን። መጽሐፉን የጻፍኩት እኮ ለእሷ ስል ነው። ያን ሁሉ አንቱ የደረደርኩት እዚያ ላይ እንዲሰበር ብዬ ነው።»

ዝም ቢሉስ ማን ያውቃል? ግን ልጅቷ ያን ሁሉ ጠዋት እዚያ ጥግ ተቀምጣ ስትጽፍ ያዩት እሳቸው ናቸው።

«አርሜያታለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

«ምን አድርገሻታል?»

«አንቱ። ሰው ባለጌ ብሎ እንዳይሰድብሽ ብዬ ነው፣ የኔ ሆድ።»

«እማዬ! እኔ ራሴ አንቺን አንቱ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«ያ በቤት ነው! ይኼ በመጽሐፍ ነው!»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ደወለች። አይነሳም፤ ማሽኑ ሲሠራ እዚያ ቤት ስልክ አይሰማም። ቦርሳዋን አነሳች። «ነይ፣ ነጠላሽን ልበሺ። አብረን ነው የምንሄደው።»

ማተሚያ ቤቱ ቀለም ቀለም ይሸታል። ገጽ የሚያቀናብረውን ጎልማሳ ልጅቷ «አራት ነጥብ» ብላ ነው የምትጠራው፤ ንግግሩን ሁሉ «አለቀ» ብሎ ስለሚዘጋ። ኮምፒውተሩ ላይ የመጨረሻውን ገጽ ከፈተላቸው። «አንቱ!» ይላል።

«እንደታረመው አድርጌዋለሁ። አለቀ።»

«አላለቀም። አንተ ነው የሚለው፤ መልሰው።»

«አንተ? እኔማ ሳየው ‹ስህተቷ እንኳን ተያዘች› ብዬ ነበር። ‹አንተ› ሆኖ ቢወጣ አንባቢው ምን ይላል? ማተሚያ ቤቱ ተሳሳተ ነው የሚለው።»

ልጅቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ አያቷን አየች። አያትየው አሁን ጮኸች፣ አሁን አለቀሰች ብለው ጠበቁ። እሷ ግን ሳቀች።

«ሁለታችሁም ስህተት መሰለቻችሁ? እንግዲያው እናንተ አይደላችሁም ያጠፋችሁት። ቃሏን ብቻዋን አቁሜያት ነው። እስቲ ወንበሩን ልቀቅልኝ።»

ተቀመጠች። ቃሉን ወደ «አንተ!» መልሳ ከሥሩ ሁለት መስመር ጻፈች፦

«ማነው ‹አንተ›?» አለ ባልየው፣ እጁን ከአረፋው ሳያወጣ።

«ሌላ ወንድ አለ እዚህ?»

አራት ነጥብ ከትከሻዋ በላይ አንብቦ ሳቅ አመለጠው። ወዲያው ግን ፊቱን አጨማደደ። «ገጹ ሞልቷል። ሁለት መስመር ከጨመርሽ መጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ብቻውን ይወድቃል።»

«ጀንበሯን አወጣታለሁ።»

«የቷን ጀንበር?»

«ከበሩ በፊት የምትጠልቀዋን። ሁለት መስመር ናት።»

አያትየው ደነገጡ። «ኧረ ቆንጆ ጀንበር ነበረች!»

«ነበረች» አለች ልጅቷ፣ ሰርዛ እየጨረሰች።

ገጹ ልክ መጣ። አራት ነጥብ ወደ ማሽኑ ላከው፤ ከወዲያኛው ክፍል ጉርምርምታው ተነሳ። ልጅቷ እጆቿን ጭንቅላቷ ላይ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ ተለጠጠች። አያትየው ግን ገና ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል።

«ስሚኝማ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቀሚሱን በሙቅ ውሃ ነው እንዴ የሚያጥበው? ቀለሙ ይለቃል እኮ። ሰው ‹ልብስ ማጠብ አታውቅም› እንዳይልሽ።»

«እሱማ አያውቅም፣ እማዬ! ወንድየው ዕድሜ ልኩን ልብስ አጥቦ አያውቅም!»

አያትየው ስክሪኑ ላይ ላለው ባልየው አዘኑለት።

«ታዲያ ሚስቱ ትንገረዋ» አሉ።