ፊቱ በአንዱ፣ ቃሉ በሌላው

ሽቦን በዚያ ቀን ልገድለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሽቦ ጎረቤታችን ነው፤ ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ቀጭን፣ ጠጉሩ ግንባሩን ትቶ ወደ ኋላ የሸሸ፣ መነጽሩን አናቱ ላይ ሰቅሎ ቤቱን ሙሉ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው። "የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው" ብሎ ገባ። አምስት ደቂቃው አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኖ፣ ጭራሽ የነበረን አንዱ ስክሪን ጨልሞ ቁጭ አለ።

"ሽቦ፣ ይሄ ጠዋት ይሠራ ነበር" አልኩት።

"አሁንም ይሠራል።"

"ጥቁር ነው እኮ!"

"ጠቆረ እንጂ አልሞተም። ደግሞ አትጩሂብኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል።"

ጩኸት የሚቀነስበት ቀን አልነበረም። ስምንት ሰዓት ከሃያ ሆኗል፤ አሥር ሰዓት ላይ ወንድም ጋሼ ሊደውል ነው።

ወንድም ጋሼ የምለው የእናቴን ታናሽ ወንድም ነው። በወጉ አጎቴ ነው፤ ግን በአሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ስለሚበልጠኝ፣ ያደግነውም አንድ ቤት ስለሆነ፣ አጎት የሚለው ቃል አፌን ሞልቶት አያውቅም። እናታቸው ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ ነበር፣ እማዬ አሥራ ስምንት። አዝላ አሳደገችው። ትዳር ስትይዝም "እኔን ያለ ሰው ይሄንንም ይበል" ብላ ይዛው ገባች። አድጎ የከባድ መኪና ሹፌር ሆነ፤ ራቅ ያለ ከተማ ገብቶ ቀረ፤ አላገባም፣ አልወለደም። ባለፈው ወር ጉበቱን አሞት ሆስፒታል ተኛ። ያን ዕለት ጠዋት ሐኪሞቹ ተሰብስበው ይድን እንደሆነ፣ ኦፕራሲዮን ያደርጉት እንደሆነ ቁርጡን ሊነግሩት ነበር።

"ከማንም አፍ አልሰማም" ብላለች እማዬ። "ከሐኪምም አልሰማ፣ ካንቺም አልሰማ። ራሱ ይንገረኝ።"

መስማት የምትለው እንዲያው የድሮ ልማድ ሆኖባት ነው። እማዬ ካልሰማች ስድስት ዓመቷ። ታማ ተነሳችና አንዱ ጆሮዋ ሄደ፤ ዓመት ሳይሞላ ሌላው ተከተለው። ከንፈር ታነባለች፤ ነገር ግን ከንፈር የሚናገረው ግማሹን ነው፣ ግማሹ ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ወንድም ጋሼ በቪዲዮ ሲደውል አጠገቧ ቁጭ ብዬ የሚለውን ሁሉ በትልልቅ ፊደል እጽፍላታለሁ። እንጀራዬም ይኸው ነው፤ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ፣ የሰው አቤቱታ፣ የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ ነው የምውለው። ጣቴ ከምላሴ አይዘገይም፣ ምላሴ ደግሞ የታወቀ ነው።

ራሱ እየሰማ የሚጽፍ ፕሮግራም አለ ብሎ ሽቦ አንድ ጊዜ ጭኖልን ነበር። ወንድም ጋሼ "ደህና ነሽ ወይ?" ሲላት "ድንች ነሽ ወይ?" ብሎ ጻፈላት። ሁለት ቀን ሙሉ ሳቀች። አጠፋነው።

ጣጣው የስክሪኑ አንድ መሆን ነው። እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አርባ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ዓይኗን እዚያው መርፌው ላይ ጨርሳዋለች፤ ፊደሉ ቡጢ ካላከለ አይታያትም። ፊደሉን ሳገዝፈው የወንድም ጋሼን ፊት ይሸፍንባታል። ፊቱን ሳሰፋው ፊደሉ ያንሳል። ባለፈው ሳምንት ከፊደሉ ኋላ ያለውን ፊቱን ልየው ብላ አንገቷን አስግጋ ስክሪኑን በጎን በኩል ስታጮልቅ አየኋት። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ዕንባዬ መጣ፣ ከዚያ ሽቦን ጠራሁት።

ሽቦ ሁለተኛ ስክሪንና አንድ ግራፊክስ ካርድ ይዞ መጣ። ካርዱ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የሚሰካ፣ ምስል የሚያወጣ ሰሌዳ ነው። አዲሱ ስክሪን ካርዱ ላይ ተሰካ፣ ወዲያው በራ። የእኛ አሮጌ ስክሪን ገመድ ግን የጥንት ነው፣ ያ ሰማያዊ ባለ ብዙ ጥርሱ፤ ካርዱ ላይ እሱን የሚቀበል ቀዳዳ የለም። ስለዚህ ድሮ በነበረበት፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይዞት በተሠራው መሰኪያ ላይ ተውነው። ካርዱ ከገባ ወዲህ ግን ያ መሰኪያ ድርግም ብሏል።

"ነገሩ እንዲህ ነው" አለ ሽቦ፣ ጠረጴዛው ሥር እንደተንበረከከ። "ይሄ ማሽን ሲወለድ የራሱን ምስል ማውጫ ይዞ ነው የተወለደው። ካርድ ስትሰኪበት፣ እንግዳ መጣ እኔ ልረፍ ይልና የራሱን ይዘጋዋል። ብልሽት አይደለም፤ ይሉኝታ ይዞት ነው።"

"እንግዲያው ይሉኝታውን አስለቅቀው!"

እማዬ ሶፋው ላይ ሆና ስንነታረክ ስታየን ቆይታ፣ እንደ ልማዷ ጣራ በሚነቅል ድምፅ "ይሄ ልጅ ምሳ በልቷል?" አለች። ልጅ የምትለው የሃምሳ ዓመት ሰውዬ ነው።

ሽቦ ብቅ ብሎ "በልቻለሁ፣ እትዬ" አላት።

"አልበላም" አለችኝ ወደ እኔ ዞራ።

ሽቦ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሳው፤ ገና በወጉ ሳይነሳ አንዷን ቁልፍ ደጋግሞ እየመታ ወደ ውስጠኛው ማስተካከያ ገባ። የደቃቅ ጽሑፍ መዓት ወጣ። መነጽሩን ፈለገ። አናትህ ላይ ነው አልኩት። ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ወረደ፣ ወረደና አንድ መስመር ላይ ቆመ። "ራሱ ይወስን" የሚል ትርጉም ያለውን ቃል "ሁልጊዜ ክፍት" ወደሚለው ለወጠው፤ አስቀመጠ፤ እንደገና አስነሳው። አሮጌው ስክሪን ጭል ጭል አለና በራ።

እልል ልል አፌን ስከፍት፣ ሁለቱም ላይ ያለው ያው አንድ ሥዕል ነው።

"መንታ ወለድክልኝ እንጂ ምን አደረግክልኝ!"

"ምን ያጣድፍሻል? ገና እንዘረጋዋለን።"

አንዱ ያንዱ ቅጥያ እንዲሆን አድርጎ ዘረጋው። አሁን ደግሞ ማውሱን ወደ ቀኝ ስገፋው ግድግዳ እንደመታ ሰው ይቆማል፤ ወደ ግራ ስስበው በቀኙ ስክሪን ብቅ ይላል። ሽቦ ይሄም በሴቲንግ ይስተካከላል ብሎ መነጽሩን መፈለግ ሲጀምር፣ እኔ ስክሪኖቹን አንስቼ ቦታቸውን አቀያየርኳቸው። ተስተካከለ። ሽቦ ተናደደ። እማዬ ግማሽ ዳቦ በእጁ አስይዛ ሸኘችው፤ በሩን ሳይወጣ ሲገምጠው አየሁ።

አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ ተደወለ።

ወንድም ጋሼ በግራው ስክሪን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ መጣ። ከስቷል። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ፊቱ እንዲህ ገዝፎ፣ ምንም ሳይሸፍነው፣ እማዬ አይታው አታውቅም። "ውይ፣ እኔ ልታመምልህ" አለችና እጇን ዘርግታ ጉንጩ ያለበትን መስታወት ነካች።

"እታለም" አለ። እማዬን የሚጠራት እንዲህ ነው። "ደህና ነሽልኝ?"

በቀኙ ስክሪን ጻፍኩላት። ፊቱን አየች፣ ቃሉን አየች፣ ተመልሳ ፊቱን አየች።

"አጠገቤ የተኛው ሰውዬ ሲያንኮራፋ" አለ፣ "የኔን መኪና ነው የሚያስታውሰኝ። ዳገት ላይ፣ ያውም ጭነት ይዛ።"

እሱ ሲስቅ እሷም ሳቀች። እኩል ሳቁ። እስከዚያ ቀን ድረስ እማዬ የምትስቀው እሱ ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነበር፤ እሷ ስትጀምር እሱ ዝም ብሎ ይጠብቃት ነበር። ያን ጊዜ ሽቦን በሆዴ መረቅሁት።

"ሐኪሞቹስ?" አለችው።

ዝቅ ብሎ ጣቶቹን ተመለከተና ቀና አለ። "ጠዋት አምስት ሆነው መጡ። ጉበትህ አይድንም አሉኝ። ኦፕራሲዮኑም ቀርቷል።"

ጣቴ አልዘገየም። እስካሁን የሚገርመኝ ይኸው ነው፤ ቆም ብዬ እንኳ አላሰብኩበትም። "ጠዋት አምስት ሆነው መጡ። ጉበትህ ይድናል አሉኝ። ኦፕራሲዮኑም ቀርቷል።" እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ቃል ናት የለወጥኩት፣ የቀረው እሱ ያለው ነው።

እማዬ አነበበች። ከዚያ ፊቱን አየች። ከዚያ እንደገና ቃሉን። ይደሰታል ብዬ የጠበቅሁት ፊቷ እንደነበረ ነው። ዞራ እኔን አየች።

"ይድናል በዪ" አለችኝ።

"ምን?"

"በዪ ስልሽ!"

"ይድናል።"

የምታየው ከንፈሬን ነው። "አሁን ደግሞ አይድንም በዪ።"

ራሴን በእንቢታ ነቀነቅሁ። ጠበቀችኝ። እማዬ ስትጠብቅ ውላ ማደር የምትችል ሰው ናት።

"አይድንም" አልኩ። መጨረሻው ላይ ከንፈሮቼ ግጥም ሲሉ ለራሴም ተሰማኝ።

"እሱም ሲናገር አፉ ገጥሟል" አለች። "ይድናል ሲሉ አፍ አይገጥምም። ይሄን አፍ እኔ ነኝ አጉርሼ ያሳደግሁት። መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚገጥም አንቺ ታስተምሪኛለሽ?"

ወንድም ጋሼ ሁሉንም ይሰማል፤ የእሱ ጆሮ ደህና ነው። "እሳቷ" አለኝ። እሳቷ እኔ ነኝ፤ ስሙን ያወጣልኝም እሱ ነው። "ምን ብለሽ ጻፍሽላት?"

ዕንባዬ ኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ። "አልቻልኩም፣ እማዬ። እጄ እንቢ አለኝ" አልኳት።

ያልኩትን ከከንፈሬ ታንብበው አታንብበው አላውቅም። ጉንጬን በመዳፏ ጠረገችና ወደ ቀኙ ስክሪን ጠቆመች። "አጥፊውና እንዳለው አድርገሽ ጻፊ። ለኔ ብለሽ የምትጨምሪው፣ ለኔ ብለሽ የምትቀንሺው አይኑር። አንቺ ጆሮዬ ነሽ። የገዛ ጆሮዬ ከዋሸኝ ማንን ልመን?"

አጠፋሁት። "አይድንም አሉኝ" ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ያዘው።

ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። "ስትወጣ የት ትሄዳለህ?"

"ቤቴ ነዋ።"

"ብቻህን?"

"ጓደኞች አሉኝ። ሹፌሮቹ ብቅ ይላሉ።"

"ሹፌር መንገድ ላይ ነው የሚውለው። እዚህ ና።"

"አልመጣም፣ እታለም። አንቺም ደክመሻል። በዚህ ዕድሜሽ ሸክም አልሆንብሽም።"

ሁሉንም ጻፍኩ፣ አንዲት ፊደል ሳላጎድል።

"አራት ዓመትህ ሆኖ ሳዝልህ አስፈቅጄህ ነበር?" አለችው።

ወንድም ጋሼ መዳፉን አፉ ላይ አደረገ። እማዬ ከንፈሩን አጣችው። መዳፉ ውስጥ ሆኖ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ለእኔ ተናገረ። "እሳቷ፣ ይሄን አትጻፊላት። ፈርቻለሁ። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ነው የማለቅሰው። እሷ እንዳታውቅብኝ።"

እማዬ ወደ እኔ አልዞረችም። ቀኙን ስክሪን እያየች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። አሁን የምታነበው አፍ የለም። "ደህና ነኝ ይላል" ብዬ ብጽፍ ደህና ነው ብላ ትቀበለኛለች፤ ውሸቴን የምትይዝበት የላትም። እሱ አትጻፊ ብሎኛል፣ እሷ እንዳለው ጻፊ ብላኛለች፣ እኔ ደግሞ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።

"ይሄን አትጻፊላት አለ" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ "ፈርቻለሁ" የሚለውን ጨመርኩ። የብርድ ልብሱንም ጻፍኩት።

አነበበችው። ከንፈሯን ነከሰች።

"እኔም ፈርቻለሁ" አለችው። ካልሰማች ወዲህ እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። "ና፣ አብረን እንፈራለን።"

የወንድም ጋሼ ትከሻ ተነቃነቀ። ምንም የሚጻፍ አልነበረም። እማዬ ፊቱን ብቻ እያየች ጠበቀችው፤ እኔም እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ኋላ መዳፉን ከአፉ አወረደ፣ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

"የት ልተኛ?" አለ።

ጻፍኩላት።

"በእሷ አልጋ!" አለች እማዬ ወደ እኔ እየጠቆመች፣ ድምፅዋ ተመልሶ ጣራውን እየነቀለ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ብጠየቅም መልሴ ያው ነበር። ሐሙስ ዕለት መጣ፤ እኔም እስከ ዛሬ ሶፋው ላይ ነኝ።