ቤተል ጮክ ብላ ስታነብ

ቤተል ኦይታ ለአንደኛ ክፍል ልጆች የጋሞኛ የንባብ መጽሐፍ ታዘጋጃለች። አርባ ምንጭ ካለው ቢሮዋ በቀን አራት ገጽ ሳትጽፍ አትወጣም ነበር። በግንቦት ንፋስ የቢሮውን ጣሪያ ሲገነጥለው አለቃዋ አቶ ታዴዎስ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ "እስኪጠገን ሁለት ወር በየቤታችሁ ሥሩ" አሉ።

ቤተል ደስ አላት። ደስታው ግን ሳምንት አልቆየም። በኪራይ ክፍሏ ስልኳን አጥፍታ ከጠዋት እስከ ማታ ብትቀመጥም፣ በአምስት ቀን ሦስት ገጽ ብቻ ጻፈች። እሱም ልብ አይሞላም። "ለካ የሚያሠራኝ የአለቃ ዓይን ነው" ብላ በራሷ አፈረች።

ቅዳሜ አባቷን ልትጠይቅ ደጋ ላይ ወዳለችው መንደራቸው ኦቾሎ ወጣች። አቶ ኦይታ ሸማኔ ናቸው። መወርወሪያውን እያመላለሱ፣ "እስቲ ሥራሽን አንብቢልኝ፤ እጄ እንጂ ጆሮዬ አልተያዘም" አሏት።

ፍየል ስለጠፋበት ልጅ የጻፈችውን አነበበች። አባቷ እጃቸው ቆመ።

"ልጅ 'ፍየሌን ላገኛት አልቻልኩም' ይላል እንዴ? 'ፍየሌ ጠፋች' ብሎ ነው የሚያለቅሰው።"

እዚያው አስተካከለችው። ሌላ ገጽ ጻፈች፤ አነበበችላቸው። ሳይመሽ አምስት ገጽ ሞላ። ያኔ ነው ነገሩ የገባት፤ ቢሮ እያለች በየሻይ ሰዓቱ የጻፈችውን ለባልደረባዋ ለልክነሽ ታነብላት ነበር። ጨዋታ ይመስላት ነበር እንጂ ሥራው የሚቃናው እዚያ ላይ ኖሯል። ያጣችው አለቃ ሳይሆን ሰሚ ነው።

ሰኞ ለአቶ ታዴዎስ ደወለች። "ኦቾሎ ሆኜ ልሥራ፤ ዓርብ ዓርብ እልክልዎታለሁ።"

"እዚያ ማን ይረዳሻል?"

"አባቴ።"

አቶ ታዴዎስ ፈቀዱላት።

ጠዋት ጠዋት ትጽፋለች፤ ከምሳ በፊት ታነባለች። ጎረቤት ሸማኔዎችም እየመጡ በአንድ ቃል ይከራከሩ ጀመር። አንዳንድ ቀን ሙሉ ገጽ አስጣሏት። ያም ሆኖ ሥራው ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት ቀድሞ አለቀ።

በጥቅምት መጽሐፉ ጫኖ በሚገኝ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ሲሞከር አባቷን ይዛ ሄደች። አቢጋኤል የምትባል ትንሽ ልጅ ተነሥታ አንድ ገጽ ሳትደናቀፍ ተወጣችው። መምህሯ ተገርመው፣ "ይህቺ ልጅ በክፍል አፏን ከፍታ አታውቅም" አሉ።

አቶ ኦይታ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ "መጽሐፉን የጻፈችው ልጄ ናት" አሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤተል አንገቷን ትደፋ ነበር። አሁን ቀና ብላ፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ያረሙት ደግሞ እሳቸው ናቸው" አለች።