አንድ ገጽ፣ አንድ ስንዝር

እኔ ዚክራ ትምህርት ያቆምኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው፤ ግን ሰኞ ገበያ በሚባለው የከተማችን ገበያ ውስጥ የቀሚስ ጠርዝ በእጅ በመስፋት የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣ። ልብስ ሰፊው አሠሪዬ ጋሼ ሙሄዲን እንኳ "ማሻአላህ፣ መርፌው ይታዘዝልሻል" ይሉኛል።

ታላቅ እህቴ ረውዳ ኮምቦልቻ ኮሌጅ ትማራለች። የመመረቂያ ጽሑፏን እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካላስገባች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። ርዕሱ ምን መሰላችሁ? ተማሪዎች ሥራቸውን ለምን ለነገ እንደሚያሳድሩ! መቶ ተማሪ ጠይቃ፣ መልሱን ሰብስባ፣ መጻፉን ራሷ ታሳድረዋለች። ሰኞ ዕለት ሱቅ መጥታ የምርቃት ቀሚሷን ስትለካ ያዝኳት።

"ስንት ገጽ ጻፍሽ?"

"ነገ እጀምራለሁ፣ ኢንሻአላህ።"

"አላህን ለስንፍናሽ ምስክር አትጥሪ! ደግሞ ጥናትሽ ምን አገኘ?"

"ልቡን ሰብስቦ የያዘውን ብቻ የሚሠራ ሰው ሥራ አያሳድርም።"

"አራት ዓመት የተመላለስሽው ይህን ለማወቅ ነው? እኔን አትጠይቂኝም ነበር?"

ቀሚሱን ነጠቅኳት። ገና ያልተሰፋው የጠርዙ ዙሪያ አሥራ ሁለት ስንዝር ነው፤ የሚቀራት ጽሑፍም አሥራ ሁለት ገጽ።

"አንድ ገጽ ስትጽፊ አንድ ስንዝር እሰፋለሁ። ካልጻፍሽ ጫፉ እንደተንጠለጠለ ይቀራል።"

"ጋሼ፣ ኧረ ይስሟት!"

"እኔን ተይኝ ልጄ፣ እኔም የምፈራት እሷን ነው" አሉ ጋሼ፣ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ።

ከጎኔ አስቀመጥኳት። ስልኳን አሥር ጊዜ ስታነሳ ቀምቼ የክር ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጣ፣ "አሥራ ሁለት ገጽ! በየት በኩል ይገፋል?" ብላ ራሷን ያዘች።

"እኔም ዙሪያውን ሁሉ ካሰብኩ መርፌው ጣቴን ነው የሚያገኘው። የማየው የምወጋበትን ቦታ ብቻ ነው። አንቺም ያለሽበትን መስመር እዪ።"

መጻፍ ጀመረች። ለከሰዓቱ የዐስር ሰላት እስክንነሳ አንድ ገጽ ሞላች፤ እኔም ስንዝሬን ሰፋሁ።

ዓርብ ጠዋት አንድ ገጽና አንድ ስንዝር ቀሩን። አብረን በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድንና ኮሌጁ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ እሷ ላፕቶፑን፣ እኔ ቀሚሱን ጉልበታችን ላይ ይዘን። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የመጨረሻውን ገጽ ጨርሳ ብድግ ብላ እየሮጠች ገባች። እኔም ቋጠሮዬን አስሬ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ።

የበሩ ጥበቃ ጠጋ አሉ። "አንቺስ? የዚህ ተማሪ ነሽ?"

ያን ጊዜ ረውዳ፣ "ዚክራዬ፣ ተቀበሉኝ!" እያለች ስትወጣ ታየች።

"ተማሪዋ ያቻት" አልኳቸው፣ ቀሚሱን አራግፌ እያነሳሁ። "እኔ አስተማሪዋ ነኝ።"