ልዩ ክብር ለተከታታይ ፊልም

በሕንፃ ንድፍ ቢሮው ለቅጥነቷ «ሽቦ» የሚሏት የኔትወርክ ባለሙያ ሥራውን እንደተረከበች የችግሩን ሥር አገኘችው። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው እምቢ ማለት አያውቅም ነበር። ኢንተርኔቱን ማን ይቅደም የሚለውን ደረጃ ሲያወጣ፣ የቪዲዮ ስብሰባውንም፣ የንድፍ ፋይሉንም፣ የሒሳብ ኃላፊዋን ተከታታይ ፊልምም፣ የሥራ አስኪያጁን ኳስም በጅምላ «አንደኛ» ብሏቸዋል። ሁሉም እኔ ልቅደም እያሉ በአንድ በር ሲጋፉ ማንም አያልፍም።

ፊልሙን ሦስተኛ ላደርገው ነው ብትል፣ የሒሳብ ኃላፊዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከተፍ አሉ።

«እኔን? ሦስተኛ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«እትዬ፣ እርስዎን ሳይሆን ፊልሙን ነው።»

«እኔንና ፊልሙን ደግሞ ማን ለየን!»

ሥራ አስኪያጁ ሊገላግሉ መጡና አባሱት። «ማንንም ከደረጃው እንዳታወርጂ። ግን ከሰዓት የሆስፒታሉን ንድፍ ለደንበኞች ስናቀርብ ምስሉ እንደ ባለፈው ድርቅ ካለ፣ አንቺም ሥራሽን ፈልጊ።»

ሽቦ ክፍሏ ገብታ ጥፍሯን በላች። ማውረድ ክልክል ነው። ስም መቀየርን ግን ማንም አልከለከለም። ቀድሞ የሚያልፈውን «ተራ»፣ መካከለኛውን «ክብር»፣ የመጨረሻውን «ልዩ ክብር» አለችና፣ ስሞቹን ብቻ ጽፋ፣ ምርጫችሁን አሳውቁኝ ብላ ለሁሉም መልእክት ላከች።

ሻይዋን ሳትጨርስ ልዩ ክብር ጢም አለ። ፊልሙ ገባ፤ ኳሱ ገባ፤ የንድፍ ክፍሉም ግዙፍ ፋይሎቹን እየጎተተ ገባ። የቪዲዮ ስብሰባውን ያስታወሰው የለም፤ የጋራ ነገር ነዋ! ሽቦ ራሷ «ተራ» ላይ አስቀመጠችውና ብቻውን ተንፈላሰሰ።

ከሰዓት ደንበኞቹ በትልቁ ስክሪን ወለል ብለው ታዩ። የሊቀ መንበራቸው ክራቫት ላይ ያረፈችው የሻይ ጠብታ እንኳ ቁልጭ ብላለች። ንድፉ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ አንዴም ሳይቆራረጥ ቀረበ። «ሥራው የእናንተ ነው!» ሲሉ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ጭብጨባው የሳባቸው የሒሳብ ኃላፊ ሽቦን ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ፊልሜ እኮ ያቺ ክብ ነገር ብቻ እየዞረችበት ቆመ።»

«እትዬ፣ ልዩ ክብር ያለው መቼ ይሮጣል? ዝግ ብሎ፣ በግርማ ነው የሚገባው።»

«እሱስ ልክ ነሽ» ብለው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

ሥራ አስኪያጁም ደስታው አናታቸው ላይ ወጥቶ፣ «ይህ ስብሰባ ካሁን ወዲያ ልዩ ክብር ይግባ!» ሲሉ አወጁ።

«ጋሼ፣ ሞልቷል እኮ። እርስዎ ኳስዎን ወደ ተራ ካላወረዱለት በቀር ቦታ የለም።»

«እኔ? ተራ?» ዙሪያቸውን ቃኙ። «ይቅር፣ ይቅር! እንዳለ ይሁን።»

ሽቦ ሳቋን እስከ ክፍሏ አፍና ወሰደችው፤ በሩን ዘግታ ለቀቀችው።