የመሀል መጋረጃ

አስራ አራት ዓመት ሙሉ የወንድ ልክ አልወሰድኩም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያውም አባቴ በኩርኩም እያስተማረ ያሳደገኝ፣ በኮት ስፌት ስሜ የተጠራ ልብስ ሰፊ። አሁን ግን የምሰፋው መጋረጃ ነው። መጋረጃ፣ የአልጋ ልብስ፣ የሶፋ ጨርቅ። ሰፈሩ «መጋረጃው» እያለ ይጠራኛል። መስኮት ደረት የለውም፣ ሲለኩትም አይተነፍስም፤ ስለዚህ ተፈቀደልኝ።

የከለከለኝ መጋቢው ነው። ወደ ወንድ የሚሳበውን ወንድ በጸሎትና በምክር እንለውጣለን የሚል አገልግሎት ይመራል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ታላቅ እህቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ልቤ ወደ ወንድ እንደሆነ የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነበር። መጋቢው በመጀመሪያው ሳምንት ሥራዬን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና «ሜትርህን የወንድ ደረት ላይ ያዞርክ ቀን፣ ያን ቀን ከእኛ ጋር አይደለህም» አለኝ። ወረቀት ላይ አስፈረመኝ። ሱቄ ሄጄ ኮት የምቆርጥባቸውን የቅድ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ቀደድኳቸው፤ የአባቴም ነበሩበት።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ሰው የሚነካኝ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ስሄድ ብቻ ነው። አንገቴን ዘንበል ያደርገዋል፣ ጆሮዬን በሁለት ጣቱ ይይዛል። ፀጉሬ ሳስቶ አናቴ ሊታይ ምንም አልቀረው፣ እኔ ግን በየሁለት ሳምንቱ እሄዳለሁ። ሰውዬው «ምኑን ልቁረጠው?» ይለኛል። «ያለውን» እለዋለሁ።

ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ጫማ ሰሪ ነው። ሆዱ ቀድሞት ነው በበር የሚገባው። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ይነዘንዘኛል።

«አንተ መጋረጃ፣ ለእኔ አንድ ሙሉ ልብስ ብትሰፋ ጣሪያው ይወርድብሃል?»

«ወገብህን ዞሮ የሚመለስ ሜትር የለኝም» እለዋለሁ።

ይስቃል፣ ይሄዳል። ዘንድሮ ግን ልጁን ሊድር ነውና ነገሩን አክርሮታል። ከልብስ ቤት የገዛው ኮት አልቆለፍ ብሎታል። እኔም የማላደርገውን እያወቅሁ «እስቲ እናያለን» አልኩት።

የአገልግሎታችንን ትምህርት ካልነገርኳችሁ የሚመጣው ነገር አይገባችሁም። መጋቢው ያስተማረን ትልቁ ነገር፣ ለውጡ ሳይታይ ቀድሞ መናገርን ነው። «ሳታዩት ተናገሩት፤ ከአፋችሁ የወጣውን ሕይወታችሁ ይከተለዋል» ይለን ነበር። ስለዚህ ማናችንም «ገና ነኝ» አንልም። «ገና» ማለት እምነት ማጣት ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት መድረክ ላይ ወጥቼ «ተለውጫለሁ» አልኩ። ስናገረው ውሸት አልመሰለኝም፤ ከጊዜው ቀደም ያልኩ ነበር የመሰለኝ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፣ እህቴ አለቀሰች፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ፎቶ ተነሳሁ። ፎቶው በበራሪ ወረቀት ታትሞ ተበተነ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው እንዴት ነህ ብሎ አልጠየቀኝም፣ መልሱ ታትሞ የለ! እኔ ደግሞ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል እያልኩ ለውጡን ስጠብቅ ዘጠኝ ዓመት ሄደ። የመጣልኝ ብቸኝነት ነው። እነሱ ያንን ለውጥ አሉት።

በዚህ ዓመት ነገሩ ፈነዳ። በአገልግሎቱ ያለፉ ሰዎች ሬዲዮ ላይ ወጡ። አንዱ ምን ያህል ጊዜ ሆስፒታል እንደገባ ተናገረ። ሐኪሞች ይህ የሚታከም በሽታ አይደለም አሉ፣ ሰባኪዎች ተቆጡ፣ ወላጆች እየደወሉ አለቀሱ። ጫማ ሰሪው ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ምስማር እየመታ ያዳምጣል፤ ለሁሉም «እውነትህን ነው» ይላል። በግድግዳው በኩል እኔ እሰማለሁ።

ሰኞ መጋቢው ደወለ።

«እሑድ ጋዜጠኞች ይመጣሉ። አንተ ትናገራለህ። የመጀመሪያው ፍሬያችን አንተ ነህ።»

«እሺ፣ መጋቢ» አልኩ። አፌ ለምዶታል።

በማግስቱ አንዲት ሴት ሱቄ መጣች። መድኃኒት ቤት እንደምትሠራ ነጩ ጋዋኗ ይናገራል። የመኝታ ቤት መጋረጃ እፈልጋለሁ፣ መጥተው ይለኩልኝ አለች። ቤቷ ቅርብ ነበር፣ አብረን ሄድን። መኝታ ቤቱ ንጹሕ ነው። ትልቁ አልጋ ግድግዳውን ተጠግቷል፤ መስኮቱ ሥር ደግሞ ላስቲኩ ያልተላጠ አዲስ ታጣፊ አልጋ አለ። ወደ መስኮቱ ሄጄ ሜትሬን ስዘረጋ «እዚያ አይደለም» አለችኝ። በጣቷ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር አሳየችኝ። «ከዚህ እስከዚህ። በመሀል።»

በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፣ ይህን ግን አይቼ አላውቅም። ለካሁ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሰባ፣ ወርዱ ሦስት ከአርባ። ቁጥሩን ስጽፍ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካለው የሠርግ ፎቶ አረፈ። ከሙሽሮቹ ኋላ፣ አንድ እጁን በእሷ ትከሻ አንድ እጁን በእሱ ትከሻ ያደረገው መጋቢው ነው።

ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣች። እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ፎቶዬ ነው።

«እርስዎ ነዎት አይደል?» አለችኝ። «ሱቅዎ የመጣሁት አውቄ ነው።»

«እኔ ነኝ።»

«ባሌ የእናንተ ሰው ነው። ከአዲሶቹ ጋር ስለሚሰበሰብ አያውቁትም። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም፣ ልብሴን ሳይቀር ይተኩስልኛል። ስድስት ዓመታችን ነው። ሁልጊዜ ከመተኛቱ በፊት ‹ተለውጫለሁ› ይለኛል። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «መጋቢው ጋ ሄጄ ባለቅስበት ይህን ወረቀት ሰጠኝ። ‹ይህን ወንድም ተመልከቺና ጠብቂ› አለኝ። ጠበቅሁ። አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ልጅ እፈልጋለሁ። ልጁስ ይቅር፣ እኔን ፈልጎ እጁን የሚዘረጋልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሬዲዮው ሌላ ይላል፣ መጋቢው ሌላ ይላል። እርስዎ ግን ያውቁታል። እንደ ታላቅ ወንድሜ ሆነው ይንገሩኝ፤ እውነት ተለውጠዋል?»

አንዲት ቃል ነበረች የምትጠበቅብኝ። ወረቀቱ ከታተመ ጀምሮ እውነቱን የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ያውም ዕድሜዋን ይዛ። እኔ ግን አስራ አራት ዓመት ያሠለጠኑት ምላስ ነው ያለኝ። ገና ሳላስበው ወጣ።

«ተለውጫለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ፊቷ በራ። እውነት እላችኋለሁ፣ ሰው ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ብርሃን አይቼ ያን ያህል የፈራሁበት ጊዜ የለም። ተነስታ እጄን በሁለት እጇ ጨበጠችው።

«እንግዲያው መጋረጃው ይቅር። ላለፋሁዎት ይቅርታ። እጠብቃለሁ።»

ወደ ሱቄ ስመለስ ራሴን እየሰደብኩ ነበር። አንተ ቀሽም፣ አንተ የሰው ዕድሜ የምትቀድ! ለራሴ ስዋሽ የኖርኩት የእኔው ዕዳ ነው፤ የሰው ሚስት እስከ አርባ ዓመቷ፣ እስከ አርባ አምስቷ ድረስ የባሏን ጀርባ ስታይ እንድትኖር የምፈርድባት ግን እኔ ምን ቤት ነኝ? ረቡዕን እንደ በሽተኛ ዋልኩ። ተመልሼ ሄጄ ልንገራት እንዳልል ደግሞ ፈራሁ። ነገሩ መጋቢው ጆሮ ይደርሳል። ከዚያ እሑድ አዳራሽ የለም፣ «ወንድሜ» የሚለኝ የለም፣ ከአምልኮ በኋላ እህቴ ቤት የምበላት ምሳ የለችም። ያለኝ ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ጠላቶቼ ብላቸው እንኳ ከእነሱ ሌላ ሰው የለኝም።

ሐሙስ ጠዋት ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁ። ሁለት ሰባ በሦስት አርባ። በሳሙና አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ፣ ሽንሽኑን አስተካክዬ ሰፋሁ። ቃሉን መናገር ቢያቅተኝ ጨርቁን እንኳ ይዤ እቆማለሁ ብዬ ነው። ዓርብ ቀለበቶቹን አስገባሁ። ቅዳሜ አጣጥፌ ተሸከምኩና ሄድኩ።

በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ከኋላዋ ጠረጴዛ ላይ አንድ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው የተማሪ ወረቀት ያርማል።

«መጋረጃው ይቅር ብዬ አልነበር?» አለች ፈገግ ብላ። ወደ ባሏ ዞራ «ያልኩህ ሰው እኚህ ናቸው።»

ሰውዬው ብድግ አለ። ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ እኔ ጨርቁን እንደታቀፍኩ ቀረሁ። ከጨበጥኩት እንደማልናገር ገብቶኛል።

«አልተለወጥኩም» አልኩ። «አንድም ቀን አልተለወጥኩም። ማክሰኞ የነገርኩሽ ውሸት ነው፣ ወረቀቱም ውሸት ነው። ይመጣል ብዬ ነው ቀድሜ የተናገርኩት። አልመጣም።»

አንቺ ማለቴ እንኳ የታወቀኝ ቆይቶ ነው። እሷ ወደ እኔ አላየችም፤ ወደ ባሏ ነው ያየችው። እሱ ቀይ እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ሊከት ይታገላል፣ አልገባለት አለ። መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እኔም» አለ።

በቃ፣ ይህን ብቻ። ከዚያ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ይጮሃሉ፣ ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። እሷ ሄዳ እጇን ጀርባው ላይ አደረገች፤ እንደ ሚስት ሳይሆን፣ የታመመ ወንድሟን እንደምታባብል እህት።

«ስድስት ዓመት» አለች። ለማን እንዳለችው አላውቅም። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ደም መስሏል። «ማክሰኞ ዕለት እኮ ደስ ብሎኝ ዘፍኛለሁ! እቃ እያጠብኩ ዘፍኛለሁ! ይህን ለምን አደረጉብኝ?»

ይቅርታ አልኩ፤ ይቅርታም በዚያ ክፍል ውስጥ ምንም አልሠራችም። መጋረጃውን ወንበር ላይ አስቀምጬ ልወጣ ስል ጠራችኝ። ጨርቁን በጣቷ ትዳብስ ነበር።

«ይህ ለመስኮት ይቆረጣል?»

«የየትኛው መስኮት?»

«የምከራየው ቤት መስኮት። ልኩን ገና አላውቀውም።»

«ይቆረጣል» አልኳት። «ልኩን ባወቁ ቀን ይላኩልኝ።»

መጋቢው ጋ የደወልኩት ራሴ ነኝ። እሑድ አልናገርም፣ የሚነገር ለውጥ የለኝም አልኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በዚያ ለስላሳ ድምፁ «ልጄ፣ እኛ ከሌለን ማን አለህ? ስትታመም ውሃ ማን ያቀብልሃል? ስትሞትስ ማን ይቀብርሃል?» አለኝ። የሚያስቀው፣ ጥያቄው ትክክል ነው። እህቴ ደግሞ ወዲያው ደውላ «ምናለ ዝም ብትል ኖሮ?» አለችና አለቀሰች። ምሳውን አላነሳችውም፣ እኔም አላነሳሁት። እሑድ ቤቴ ተቀምጬ ዳቦ በሻይ በላሁ። ጎረቤት ሁሉ የወጣበት ግቢ ፀጥታ ጆሮ ያሳምማል። ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሳሁት፣ ይሠራል።

ሰኞ ጫማ ሰሪው እንደ ልማዱ በሩን ሞልቶ ቆመ።

«አንተ መጋረጃ፣ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀረው። በቁምጣ ልዳራት?»

«ልስፋልህ» አልኩት። «ግን ልክህን ሳልወስድ በፊት አንድ ነገር ስማ። በሬዲዮ የሚወራላቸው ሰዎች አሉ አይደል? እኔ አንዱ ነኝ። የወንድ ልብስ መስፋት የተውኩት ለዚያ ነው። ሳታውቅ እጄ እንዲያርፍብህ አልፈልግም።»

ሳቁ ጠፋ። መሬት መሬት አየ፣ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ፣ ወጥቶ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ መዶሻው በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ጀመር። ይኸው፣ እሱም ቀረ አልኩ። እንባዬ መጣ፣ ያዝኩት፣ አልያዝ አለኝ። ለማን ብዬስ እይዘዋለሁ?

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መዶሻው ቆመ። ሽርጡን አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ መጣ። ወደ ውስጥ ገባና መሀል ወለሉ ላይ ቆመ።

«በል ለካ» አለ። «ሆዴን ግን ለሰው እንዳታወራ።»

ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። ሜትሬን ከጀርባው አዞርኩና ደረቱ ላይ አገናኘሁት። ሸሚዙ ረጥቧል፣ ቆዳና ማስቲሽ ይሸታል። መጋቢው ያን ያህል ያስፈራራኝ ምኞት የት እንዳለ እንጃ፤ አልነበረም። የነበረው የአንድ ወፍራም ሰው ሙቀት ነው። ይተነፍሳል፣ ሜትሩ ይላላል፣ እንደገና ይጠብቃል። ይህንን ነበር ለካ የከለከሉኝ። ቁጥሩን አየሁት፣ ቀና ከማለቴ ጠፋኝ።

«ስንት ነው?» አለ።

«ቁም፣ አልያዝኩትም።»

ድጋሚ ለካሁ። ድጋሚ ጠፋኝ።

«ኧረ በእግዜር!» አለ እጁ ደክሞት። «ስንት ጊዜ ነው የምትለካኝ?»

«አንዴ ብቻ ታገሠኝ» አልኩትና ለሦስተኛ ጊዜ ለካሁት።