ምልክት ያለው ውሃ

የሺአረግ ደክሟታል። ትናንት ወይም ዛሬ አይደለም፤ ወደ ሥራ ከተመለሰች ጀምሮ፣ ሁለት ወር ሙሉ። በየቀኑ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ትነሳና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ዓይኗ በወጉ ሳይገለጥ፣ ጡቷን እያለበች ጡጦ ትሞላለች። አስራ አንድ ሰዓት ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰርቪስ መንገድ ዳር ይጠብቃታል። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ የሱሪ ኪስ ስትሰፋ መዋል ነው። ባሏ ይሳቅ ወታደር ነው፣ ሁርሶ ማሰልጠኛ፤ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። የአራት ወር ልጇን ነህምያን የምትይዝላት፣ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር እዚያው ግቢ ውስጥ ግድግዳ የምትጋራት ሀዎ ናት። ሀዎም ዐያን የምትባል፣ ገና ጡት ያልተወች ልጅ አለቻት።

ፋብሪካ የምትውል ሴት ልጇን በጡቷ አታሳድግም ብላ አማቷ ከሰው ፊት ተናግራለች። ይቺ ቃል የሺአረግን እንደ እሾህ ወግታት ቀርታለች። ስለዚህ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር እፀገነት ለጥናት የሚያጠቡ እናቶች እንፈልጋለን ስትል፣ ቀድማ እጇን ያወጣች እሷ ነበረች። አማቷ አፍ ላይ የምትለጥፈው ወረቀት ፈለገቻ!

ነገሩ ቀላል ነው። እናትየዋ አንድ ጊዜ ምልክት ያለው ውሃ ትጠጣለች። ውሃው ውስጥ ዲዩቴሪየም የሚሉት፣ ከተለመደው ሃይድሮጅን ከበድ ያለ ነገር አለበት፤ ጨረር የለውም፣ አይጎዳም። የሺአረግ ስሙን አልያዘችውም፣ ሥራው ግን ገብቷታል። ምልክቱ ወደ ወተቷ ይገባል፣ ከወተቷ ወደ ልጁ፣ ከልጁም ምራቁ ላይ ይገኛል። ልጁ ሌላ ነገር ከጠጣ ምልክቱ ይሳሳል። ሲስተር እፀገነት በአስራ አራት ቀን ውስጥ እየተመላለሰች የሁለቱንም ምራቅ በጥጥ ወሰደች።

ውጤቱ የመጣው እሁድ ረፋድ ላይ ነው። ሲስተር ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ከዚያ፣ ልጁ በቀን ከሚጠጣው ከናቱ ያገኘው ግማሽ እንኳን እንደማይሞላ ነገረቻት። የቀረው ከሌላ ቦታ ነው። በዚህ ሙቀት ብዙ እናቶች ውሃ ያቀምሳሉ፣ አልቆጣሽም፣ ግን ሆዱን ያበላሽበታል አለቻት። ሲስተርን የገረማት ኪሎው ነው፤ ልጁ ጥሩ ጨምሯል።

የሺአረግ በልጇ ማለች። በአፏም በእጇም ሌላ ነገር አላቀመሰችውም። ምላ ሳትጨርስ ግን ዓይኗ በበሩ በኩል ወጣና፣ ግቢው ውስጥ ልብስ ከምታጥበው ሀዎ ላይ አረፈ። ደሟ ፈላ። ተነስታ ሄዳ ከፊቷ ቆመች።

«ለልጄ ውሃ ትሰጪዋለሽ?»

«ወላሂ አንዲት ጠብታ አላቀመስኩትም» አለች ሀዎ። ከዚያ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ጡቴን ነው የማጠባው።»

«የኔስ ጡጦ?»

«አቦ የሺ፣ ድሬን ታውቂያታለሽ። እሱ ነቅቶ እስኪርበው ወተቱ ይበላሻል። መጀመሪያ ሳምንት ሰጥቼው አስመለሰው። ከዚያ በኋላ ደፋሁት።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

የሺአረግ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ አጠገብ ቁጭ አለች። ያ ሁሉ ሌሊት! እንቅልፏን ቆርሳ ስታልብ የኖረችው ለቦይ ነው። ተናደደች፣ አፈረችም። ይበልጥ ያመማት ግን አማቷ እውነቷን መሆኑ ነው፤ ልጁን ቀን ቀን ያሳደገው የሷ ጡት አይደለም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ሌሊት ስትነሺ በግድግዳው እሰማሻለሁ» አለች ሀዎ። «አንዳንዴ ታለቅሻለሽ።»

የሺአረግ ዓይኗን ወደ ልጇ መለሰች። ነህምያ ግቢው ጥላ ውስጥ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ከዐያን ጎን ተኝቷል፤ ጉንጩ ሞልቷል፣ ክንዱ ድርብርብ ብሏል። በሀዎ እምነት አንድ ጡት የጠባ ወንድምና እህት ነው፤ ሀዎ ይህን ሁሉ ጊዜ ልጇ ወንድም እንዳላት እያወቀች ዝም ብላለች።

ሲስተር እፀገነት ሁሉንም ከበሩ ሆና ሰምታለች። ቅጹ ላይ ልጁ ሌላ የጠጣው ተብሎ የተዘረዘረው ውሃ፣ የላም ወተትና የቆርቆሮ ወተት ብቻ ነው፤ ሦስቱም እንዳልሆነ ተናግራ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቆመች።

«ጠርዙ ላይ ጻፊው» አለች የሺአረግ። «ሀዎ ብለሽ ጻፊ። ለአማቴም ይሄንኑ ነው የማሳያት።»

ሰኞ አስር ሰዓት ላይ ከልማዷ ነቃች። እጇ ጡጦውን ዳሰሰ። ከዚያ ሀዎ እንደምትሰማት ትዝ አላት። ጡጦውን ትታ ነህምያን ሳብ አድርጋ ከነእንቅልፉ አጠባችውና መልሳ ተኛች። እንዴት ያለ እንቅልፍ ወሰዳት! በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልትቀሰቅሳት ሀዎ ግድግዳውን መደብደብ ነበረባት፤ ሰርቪሱ ሊያመልጣት ነበር።